ሕክምናው ሲያልቅ የጀመረ ፍርሃት

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው አዳማ ነው። ዕድሜዬ 41፣ ባለቤቴ ደግሞ 37 ናት። ከተጋባን 12 ዓመት ሆነን። የ10 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ባለቤቴ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ተመረመረች፤ ካንሰር ነው ተባለ። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ኬሞ ወሰደች፣ ጸጉሯ ረገፈ፣ ከዚያ ጨረር ቀጠለ። አዲስ አበባ ስንመላለስ ያለን ሁሉ አለቀ። የራሴን ሚኒባስ ሸጬ አሁን የሰው መኪና እነዳለሁ።

ሕክምናውን ከጨረሰች ስምንት ወር ሆኗታል። ሐኪሞቹ አሁን የሚታይ ነገር የለም ብለውናል። በየቀኑ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ትውጣለች፣ በየሦስት ወሩ ክትትል አላት። ጨረሩ ያለቀ ሰሞን ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በግ ታረደ፣ ተመስገን ተባለ። እኔም ከእንግዲህ ቤቴ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ነበር።

እውነቱን ልንገርዎት? ኬሞ ላይ ሳለች ትሻል ነበር። ያኔ እኔን የምታጽናናኝ እሷ ነበረች። አሁን ሌሊት አትተኛም። ራሷን ካመማት ወይ ወገቧን ከቆረጠማት «መጣ» ትላለች። ቀጠሮ ሲቃረብ ሳምንት ሙሉ እህል በወጉ አትቀምስም፣ ልጆቹ ላይ ትጮሃለች። ልብሷን የምትቀይረው በር ቆልፋ ነው። እጄ ሲነካት ትሸሻለች። አንድ ቀን ደግሞ ድንገት «አንተ ገና ወጣት ነህ» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብላት ዝም።

ከሁሉ የባሰብኝ ሌላ ነው። ትልቋን ልጃችንን ወጥ መሥራት እያስተማረቻት ነው። ልጅቷ ሽንኩርት ለማቁላላት ምድጃው አልደርስ እያላት በርጩማ ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ቁምሳጥኑ ውስጥ አንድ ደብተር አገኘሁ። ዕቁቡ የት እንደደረሰ፣ የማን ብድር እንዳለብን፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ የት እንደተቀመጠ፣ ትንሹ ክረምት ላይ ሳል ሲይዘው ምን እንደሚደረግለት፣ ልጆቹን የትኛዋ እህቷ ብታሳድጋቸው እንደምትመርጥ፣ ሁሉንም ጽፋዋለች። ደብተሩን ቦታው መለስኩትና እንዳላየሁ ሆንኩ።

«ድነሻል እኮ! ተመስገን በይ» እላታለሁ። ትዘጋኛለች። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና «እኔስ ሰው አይደለሁም?» ብዬ ጮህኩባት። ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። የልጄ አስተማሪ ደግሞ ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር መጫወት አቁማለች አለችኝ። አማቴ «ክኒኑን ትተወውና ሁለት ወር ጸበል ትግባ» ይላሉ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሌሊት በልቤ «ወይ ይለይለት» እላለሁ። ወዲያው ራሴን እጠላዋለሁ። ሚስቴን እወዳታለሁ። አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን? ወይስ የተነካው የእኔ ነው?

ግራ የገባኝ ባል፣ ከአዳማ

*

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ መጨረሻ ልጀምር። «ወይ ይለይለት» የሚል ሐሳብ ብዙ አስታማሚዎች ሌሊት ሌሊት የሚመጣባቸውና ለማንም የማይናገሩት ሐሳብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ይሉን ይሆን» እያሉ መኖር ሰውን ያደቅቃል። አንተ የተመኘኸው ይህ ጥበቃ እንዲያበቃልህ ነው። ሚስቱ እንድትሞት የሚመኝ ሰው እንጀራ የሚበላበትን ሚኒባስ ሸጦ ጨረር አያስጨርስም። በዚህ ራስህን አትቅጣ፣ እባክህ።

አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን ላልከው፣ ሳላያት በሽታ አልሰይምላትም። የጻፍክልኝ ነገር ግን ሕክምና ጨርሰው ቤት የገቡ ሰዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ኬሞ ላይ ሳለች ትሻል ነበር ብለሃል። አያስገርምም። ያኔ ቀጠሮ ነበር፣ የደም ምርመራ ነበር፣ ማስመለሱ ነበር፣ ጠያቂው ነበር። ዛሬን ማለፍ ራሱ ሙሉ ሥራ ስለነበር ፍርሃት ጊዜ አላገኘም። በጉ ተበልቶ እንግዳው ሲበተን ግን «ቢመለስስ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ብቻዋን ቀረች። የደረሰባትን ሁሉ ቁጭ ብላ ማሰብ የጀመረችው ምናልባት ገና አሁን ነው።

ሰውነቷም ገና አላረፈም። ከኬሞና ከጨረር በኋላ የሚቀረው ድካም ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ታሞክሲፈን በበኩሉ ወላፈን የመሰለ ሙቀት እየላከ ላብ በላብ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አንዳንዶችን ያስከፋል። ኬሞ ደግሞ በ37 ዓመቷ ያለ ጊዜው የወር አበባዋን አቋርጦባት ሊሆን ይችላል። ሌሊት ስትነሳ ትራሷ በላብ ረጥቦ ያውቃል? አስተውለው። ከሆነ ለሐኪሟ ይነገር፤ የሚደረግለት ነገር አለ።

«ድነሻል እኮ» የምትላት ልታጽናናት ነው፤ ይገባኛል። እሷ ጆሮ የሚደርሰው ግን «ስለ ፍርሃትሽ አታውሪኝ» የሚል ነው። ደግሞ ሐኪሞቹ ምን እንዳሏችሁ አስታውስ። «አሁን የሚታይ ነገር የለም» ነው ያሉት። ታሞክሲፈን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚወሰደው፣ በየሦስት ወሩም የሚያዩዋት፣ በሽታው ሊመለስ ስለሚችል ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አንተ «አለቀ» ስትላት፣ የምታውቀውን ይዛ ዝም ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላት?

እስቲ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቃት። ከዚያ ጠብቅ። ዝምታው ይከብድሃል፣ «አይዞሽ» አፍህ ላይ ይመጣል፤ ዋጠው። ትናገር። መፍትሔ እንድትሰጣት የምትጠብቅ አይመስለኝም። ሰምተህ ሳትሸሽ መቀመጥህን ማየት ነው የምትፈልገው።

ወደ ደብተሩ ልምጣ። የትንሹን የክረምት ሳል ያልክ ቦታ ላይ ስደርስ ሆዴ ባባ። ያቺ ደብተር ውስጥ ያለችው እናት ናት፤ እሷ ባትኖር ቤቱ እንዳይፈርስ ሌሊት ተነስታ የምትሠራ እናት። ችግሩ ይህን ሁሉ ብቻዋን፣ ተደብቃ መሥራቷ ነው። አንተም አይተህ እንዳላየህ ስትሆን አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችሁም ያንኑ ነገር እየፈራችሁ ለየብቻ ተቀምጣችኋል። ስለዚህ ንገራት። «ደብተርሽን አየሁት። ሳላስፈቅድሽ በማንበቤ ይቅርታ። አብረን እንጨርሰው» በላት። እሷ የጎደላትን አንተ ሙላ። ከዚያ ያንተንም ጨምሩበት። አንተም ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ የምትውል ሰው ነህ፤ አንተ ድንገት ባትኖርስ ወረቀቶቹ የት ናቸው? እንዲህ ሲሆን ደብተሩ የበሽተኛ ኑዛዜ መሆኑ ይቀርና የባልና ሚስት ደብተር ይሆናል። የልጆቹን አሳዳጊ ጉዳይ በሕግ ማስፈር ከፈለጋችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። ብዙ ሰው ይህን ጨርሶ ከፊቱ ዘወር ሲያደርገው ሌሊቱ ትንሽ ይቀልለታል።

ልጃችሁ ግን ታሳስበኛለች። ወጥ መማሯ ክፋት የለውም። በርጩማ ላይ ቆሞ ከእናት ጋር ሽንኩርት ማቁላላት ለልጅ ደስታ ነው። እኔ የምፈራው ለምን እንደምትማር ገብቷት እንዳይሆን ነው። የ10 ዓመት ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ታውቃለች። የእናቷ ጸጉር ሲረግፍ አይታለች። ሽንት ቤት ውስጥ የተለቀሰውን አንተ ከሰማህ እሷም ሰምታለች። በደብዳቤህ ለልጆቹ ምን እንደነገራችኋቸው አልጻፍክም። ካልነገራችኋት የጎደለውን በራሷ እየሞላችው ነው፤ ልጆች በልባቸው የሚሞሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል። ትንሹም ቢሆን፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «እኔ ስላስቸገርኳት ነው የታመመችው» ብሎ ሊያምን ይችላል።

ሁለታችሁም ባላችሁበት በአጭሩ ንገሯቸው። «የእማዬ በሽታ ካንሰር ይባላል። ሐኪሞቹ አውጥተውታል፣ አሁን አይታያቸውም። እንዳይመለስ ክኒን ትወስዳለች። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም። የሚለወጥ ነገር ካለ እኛው እንነግራችኋለን።» ይበቃል። ትልቋ «እማዬ ትሞታለች?» ብላ ከጠየቀችህ «በፍጹም» ብለህ አትማልባት። «አሁን ደህና ናት፣ ደህና ሆና እንድትቆይም ሁላችንም የሚቻለውን እያደረግን ነው» በላት። የሚከብዳት ቀን ለማን መናገር እንደምትችልም ጠቁማት። አስተማሪዋ ነገሩን ብታውቅ ጥሩ ነው፤ ራሷ የነገረችህ ልጅቷ አሳስባት ነው። ምግብ ማብሰሉ ለቅዳሜ ይሁን። ከትምህርት መልስ ግን ደጅ ወጥታ ትጫወት።

አሁን ደግሞ ስለ መኝታ ቤታችሁ። ሳትቀየም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠባሳዋን አይተኸዋል? ካየኸውስ፣ እሷ ያን ጊዜ ፊትህ ላይ ምን አነበበች? ምናልባት አንተ የደነገጥከው ለሕመሟ አዝነህ ነው፤ እሷ ግን የተጠየፍካት መስሏት ይሆናል። «አንተ ገና ወጣት ነህ» ያለችህም ትተኸኝ ትሄዳለህ ብላ ስለፈራች ይመስለኛል፤ ሳትቀደም ራሷ ልታሰናብትህ። «ምን ማለትሽ ነው» ስትላት ደግሞ የምትጠብቀውን መልስ አላገኘችም። አሁንም አልረፈደም። «ያን ቀን ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። እኔ የትም አልሄድም» ማለት ትችላለህ።

እጅህን ስትሸሽ ደግሞ ምን እንደምትሸሽ አስብ። መነካቱ ወደ ግንኙነት ይሄድብኛል ብላ ፈርታ ሊሆን ይችላል፤ ከኬሞና ከታሞክሲፈን በኋላ የሚመጣው የብልት ድርቀት ግንኙነትን ሊያሳምም ይችላል። እንግዲያው ግልጽ አድርግላት፤ ማቀፍ ማቀፍ ብቻ እንደሚሆን ንገራትና ቃልህን ጠብቅ። ለድርቀቱ ፋርማሲ ውስጥ ሆርሞን የሌለባቸው ማለስለሻዎች አሉ። ሆርሞን ያለበትን ግን ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳትጠቀም። ልብስ ስትለብስ ጎኗ መጉደሉ የሚያሳቅቃት ከሆነ የጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባ ከጥጥ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ምትክ አለ። መልበስ አለመልበሷ የእሷ ምርጫ ይሁን።

ቀጠሮ ሲቃረብ የሚሆነው ነገር የሚጠበቅ ስለሆነ አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት። ያ ሳምንት ከባድ መሆኑን ልጆቹም ይወቁት፤ የእናታቸው ጩኸት በእነሱ ምክንያት እንዳልሆነ ይገባቸዋል። የሚቀጥለው ክትትል ላይ አብረሃት ግባና ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «የትኛው ምልክት ሲታይ ነው ቀጠሮ ሳንጠብቅ የምንመጣው?» መልሱን እዚያው ጻፉት። ከዚያ በኋላ ወገቧን ሲቆርጥማት ወረቀቱን ታያለች። አዲስ ሕመም መጥቶ ሳምንታት ከቆየ ወይም እየባሰ ከሄደ መታየት አለበት። አንድ ቀን ታይቶ ለሚጠፋ ራስ ምታት ግን ያን ያህል መሸበር አይኖርም። ፍርሃቱ ጨርሶ ይጠፋል አልልህም፤ ልክ ያገኛል።

አሁን የምጽፍልህን ረጋ ብለህ አንብብልኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ከከፋት፣ ድሮ ደስ የሚላት ነገር ሁሉ ካስጠላት፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቃት፣ ወይም «ሸክም ሆንኩባችሁ» የምትል ከሆነ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ደግሞ የሚታከም ሕመም ነው። ስለ ደብተሩም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሽታውን ፈርታ የጻፈችው ይመስለኛል፤ ነገር ግን አንተም እኔም ሳንጠይቃት እርግጠኛ መሆን አንችልም። «ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለህ በግልጽ ጠይቃት። መጠየቅህ ያልነበረ ሐሳብ አይተክልባትም፤ ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው በማግኘቱ እፎይ ይላል። አዎ ካለችህ ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዳት።

የሥነ አእምሮ ባለሙያ ሲባል ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን እያሰበ «አበደች ይሉናል» ብሎ ይደነግጣል። ዛሬ በብዙ ከተሞች አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ባለሙያዎቹ አሉ፤ እዚያው ከተማችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ የታሞክሲፈኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የሚባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ታሞክሲፈን በሰውነት ውስጥ በወጉ እንዳይሠራ ሊያዳክሙት ይችላሉ። ባለሙያው አስቀድሞ ካወቀ ሌላ ይመርጥላታል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ለክትትል ስትወጡ ጎራ ብላችሁ የምክር አገልግሎት እንዳለ፣ እሷ ባለፈችበት ያለፉ ሴቶችን ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። አንተ በምንም ዓይነት ልትነግራት የማትችለውን እንዲህ ያለች ሴት ልትነግራት ትችላለች።

አማትህን አትጣላቸው። እሳቸውም ልጃቸውን እንዳያጡ የሚፈሩ እናት ናቸው። ጸበሉን ትጠመቅ፤ ክኒኑ ግን አንድም ቀን አይቋረጥ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንና ጸበሉን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ይህንን ንገራቸው፤ የነፍስ አባታችሁም ቢነግሯቸው ይበልጥ ይሰማሉ። ከቻልክ ደግሞ ሥራ ስጣቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ይያዙላችሁ።

ያን ቀን አንተ ተኛበት። ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ሰው ጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ መንዳቱ ያስፈራኛል። «እኔስ ሰው አይደለሁም?» ያልከው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የተጠየቀችው ሰው ግን ያን ሰዓት መመለስ የምትችል አልነበረችም። ሁለት ዓመት ሙሉ «እሷ እንዴት ናት?» ሲሉህ ኖረዋል። «አንተስ?» ያለህ ሰው አለ? ከሌለ ከወንድሞችህ ወይም አብረውህ ከሚሠሩት ሹፌሮች አንዱን ምረጥና ለእኔ የጻፍከውን ግማሹን እንኳ ንገረው። ያ ሳይበቃህ እንቅልፍ ማጣቱና ንዴቱ ከቀጠለ ለሚስትህ ያልኩት ባለሙያ ለአንተም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠይቃት። «ያን ቀን የጮህኩት ደክሞኝ ነው። በአንቺ መታመም ተናድጄ አይደለም። እኔም እፈራለሁ» በላት። እሷን ያሳዝናት ይሆን ብለህ አትጨነቅ፤ የምትፈራው ብቻዋን እንዳልሆነች ማወቅ ይጠቅማታል። ሌላው ሁሉ፣ ደብተሩም ልጆቹም፣ ከዚህ በኋላ ቀስ እያለ ይምጣ።

ከሚቀጥለው ቀጠሮ በኋላ እንዴት እንደሆናችሁ ጻፍልኝ። ባለቤትህም ለብቻዋ ልትጽፍልኝ ከፈለገች በደስታ እመልስላታለሁ፤ የጻፈችልኝን ለአንተ አልነግርም።